የተልባ እግርና የዘር ቆጠራ

ሰው ሀብቱን ቢያጣ ሠርቶ ይተካዋል፤ ዘሩን የረሳ ሰው ግን የሚነግረው ሽማግሌ ካለፈ በኋላ ከየትም ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ ነው አባቶቻችን የትውልድ ቆጠራን እንደ ዳዊት በቃል ሲያስጠኑ የኖሩት። ቆጠራው ሦስት ጥቅም ነበረው። አንደኛው ርስት ለመጠየቅ፣ ሁለተኛው በጋብቻ ጊዜ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና አለመኖሩን ለማረጋገጥ፣ ሦስተኛው በሰው ፊት ለመከበር ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ያለ እውነት አይፈጸሙም፤ ሦስተኛው ግን ከሐሰት ጋር ብዙም አይጣላም። እኔም የተያዝሁት በዚሁ በሦስተኛው ነው።

ባለፈው ዓመት የአሥር ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን ሥራ ይዛ መጣች። ሥራውም የአያቶችዋንና የቅድመ አያቶችዋን ስምና ሙያ፣ በእናትም በአባትም በኩል፣ እየጠየቀች በደብተርዋ እንድትጽፍ ነበር። በአባቴ አባት በኩል ያለውን እንደ ውሃ አወረድሁላት። ወደ አባቴ እናት በኩል ስትመጣ ግን፣ «አባዬ፣ የሴት አያትህ አባት ማን ይባላል? ሥራውስ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሙን አላውቀውም ነበር። ሥራውን ግን አውቀዋለሁ፤ ሸማኔ ነበረ። ይህንንም ያወቅሁት ማንም ነግሮኝ ሳይሆን፣ በልጅነቴ ትልልቆቹ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ሰምቼ ነው። «ገበሬ ነበረ ብለሽ ጻፊ» አልኋት፤ ጻፈች።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፋይል ሳገላብጥ እውላለሁ፤ የአያት ስም የጎደለበት ማመልከቻ ሲመጣብኝም «አሟልተህ አምጣ» ብዬ እመልሳለሁ። በዚያ ማታ ግን የራሴን ቤት ፋይል አጉድዬ ዘጋሁት።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጄ በአየርላንድ አገር በተልባ እግር ሥራ ስለ ታወቀው ስለ ሪቻርድሰን ቤተ ሰብ የሚናገር መጽሐፍ አዋሰኝ። መጽሐፉን የጀመርሁት ለእንቅልፍ ማምጫ ያህል ነበር፤ የጨረስሁት ግን እንቅልፍ አጥቼ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚያ ቤተ ሰብ አመጣጥና ስለ ዘር መዝገባቸው ነው። የምጠቅሳቸውም ዘመኖች፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ተልባው ጥቂት ልናገር። በእኛ አገር ተልባ ማለት ተቆልቶና ተወቅጦ የሚበጠበጥ፣ በጾም ቀንም ማባያ የሚሆን ፍሬ ነው፤ እግሩን ማንም አይፈልገውም። «የተልባ እግር» የሚለውን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ካህናቱና ባለጠጎቹ ይለብሱት የነበረው ያ ነጭ ልብስ መሆኑ ነው። በሰሜን አየርላንድ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ እግሩ ይፈለጋል፣ ፍሬው ይናቃል። ክሩ እንዲለሰልስ ተክሉ ፍሬው በደንብ ሳይበስል ስለሚነቀል፣ ለዘር የሚሆነውን ከአሜሪካ፣ ከሆላንድና በባልቲክ ባሕር ዳር ካለችው ከሪጋ ይገዙ ነበር። ተልባው በማጭድ አይታጨድም፤ ከነሥሩ በእጅ ይነቀላል። ከዚያም እየታሰረ በኩሬ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይሰነብታል። እንጨቱ በስብሶ ከቃጫው ሲላቀቅ ሽታው መንገደኛ ያሸሻል። ወጥቶ በሜዳ ይሰጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ በብረት ጥርስ ይበጠራል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። በመጨረሻም ጨርቁ በሣር ላይ ተዘርግቶ፣ ውሃና ፀሐይ እየተፈራረቁበት፣ እስኪነጣ ድረስ ብዙ ሳምንታት ይቈያል። እንግዲህ ያ ንጹሕ የገበታ ልብስ አስቀድሞ በኩሬ ውስጥ የበሰበሰ ነገር ነበር ማለት ነው።

የሪቻርድሰን ቤተ ሰብ በሊስበርን ከተማ አጠገብ ግሌንሞር በሚባል ስፍራ ይህን ጨርቅ ያነጡና ይነግዱ ነበር። ሃይማኖታቸው ኩዌከር የሚባለው ነው። ኩዌከር ማለት «የሚንቀጠቀጥ» ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያወጡላቸው የሚዘብቱባቸው ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት «የወዳጆች ማኅበር» ብለው ነው። ማኅበሩን በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የመሠረተው ጆርጅ ፎክስ ነው። በአየርላንድ የመጀመሪያውን የተደላደለ ጉባኤ ያቆመው ደግሞ ዊልያም ኤድመንድሰን የሚባል፣ ቀድሞ ወታደር ኋላም ባለ ሱቅ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ዘመኑ 1654፣ ስፍራውም ለርጋን ነበር። እነዚህ ሰዎች ያለ ካህንና ያለ ዜማ በዝምታ ተቀምጠው ይጸልያሉ፤ መሐላ አይምሉም፣ ዐሥራት ለቤተ ክርስቲያን አይከፍሉም፣ ለጦርነት አይሰለፉም፣ ለጌታም ለሎሌም ባርኔጣ አያነሡም ነበር።

ይህ ሁሉ ብዙ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ሹመት በመሐላ የሚያዝ ስለ ነበረ የመንግሥት ሥራ ተዘጋባቸው፤ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎችም እንደዚሁ። ስለዚህ ልጆቻቸውን ለእጅ ሥራና ለንግድ አሳደጉ። ለእንደ እኔ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ታሪክ እንግዳ ነው። የእኔ ቤተ ሰብ ከሸማኔ ጉድጓድ ወጥቶ ወደ ቢሮ ወንበር ለመድረስ ሦስት ትውልድ ደክሟል፤ ከደረሰም በኋላ ጉድጓዱን በአፈር ደፍኖታል። እነርሱ ግን ከወንበሩ ስለ ተከለከሉ በጉድጓዱ ከበሩ።

አሁን ወደ ዘር መዝገባቸው ልመለስ። ኩዌከሮች ስለማይጠመቁ ልደታቸው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ አይገባም ነበር። ስለዚህ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በየጉባኤያቸው ራሳቸው መዘገቡ። በመቃብር ላይ የስም ድንጋይ ማቆምን እንደ ትዕቢት ስለሚቈጥሩት፣ ለረጅም ዘመን የሰው መታሰቢያው ያ መዝገብ ብቻ ነበር። የተወለደው ልጅ ከአባቱም ከእናቱም ስም ጋር ይጻፋል። ጋብቻ ሲሆን ደግሞ የሙሽሮቹ ስም፣ ወላጆቻቸው፣ ሀገራቸውና ሙያቸው በወረቀት ይሰፍራል፤ ያለ ካህን በጉባኤው ፊት ቃል ኪዳን ከተጋቡ በኋላ፣ በሠርጉ የተገኙት ሰዎች ወንድ ሴት ሳይል ከበታቹ ይፈርማሉ። ያን ወረቀት ያገኘ ሰው በዚያ ቀን ማን ማን እንደ ነበረ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ቢሆን ያውቃል።

የወራትንም ስም ከአረማውያን አማልክት የመጣ ነው ብለው ስለሚጸየፉት «ሦስተኛ ወር፣ አምስተኛ ቀን» እያሉ በቁጥር ብቻ ይጽፉ ነበር። ነገር ግን እስከ 1752 ድረስ አንደኛ ወር የሚሉት መጋቢትን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጥርን ሆነ። ይህን የማያውቅ መርማሪ የሁለት ወር ስሕተት ይሠራል። ዓመተ ምሕረትን ከኤውሮፓ ዘመን ጋር ሲያመሳክር ለኖረ ለእኛ አገር የመዝገብ ቤት ሰው ግን ይህ ችግር የቆየ ወዳጅ ነው።

በስማቸውም ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሪቻርድሰን ማለት በቋንቋቸው «የሪቻርድ ልጅ» ማለት ነው። በጥንት ዘመን እንደ እኛ አገር ስም የእውነተኛ አባት ስም ነበረ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ባለበት ረግቶ ለትውልድ ሁሉ የሚያገለግል ሆነ። የእናቲቱ ዘር እንዳይጠፋ ደግሞ የእርስዋን የአባት ቤት ስም ለልጅ መካከለኛ ስም አድርገው መስጠትን ለመዱ። ከቤተ ሰቡ እጅግ የታወቀው ሰው በ1813 የተወለደው ጆን ግረብ ሪቻርድሰን ነው። አባቱ ጄምስ ኒኮልሰን ሪቻርድሰን ሲባል፣ እናቱ ከግረብ ቤት የተወለደች ነበረች። እንግዲህ በአባትየው ስም ውስጥ የኒኮልሰን ቤት፣ በልጁ ስም ውስጥ የግረብ ቤት ይገኛል ማለት ነው። ጆን ግረብም በ1846 ለተወለደው ልጁ የአባቱን ስም መልሶ ጄምስ ኒኮልሰን አለው። የሦስት ትውልድ ስም ብቻ ሦስት ቤተ ሰብን ያስቈጥራል።

ከዚህም ጋር የእኛ አገር ሽማግሌ ቢሰማ የሚደነግጥበት ሌላ ነገር አለ። እኛ እስከ ሰባት ቤት እየቈጠርን ከዘመድ ስንሸሽ፣ እነርሱ ከማኅበራቸው ውጭ እንዳያገቡ በብርቱ ይከለከሉ ነበር። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ከማኅበሩ ውጭ በካህን ፊት ያገባ ሰው ከማኅበርተኝነት ይሰረዝ ነበር። የማኅበሩ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሪቻርድሰን ከግረብ፣ ግረብ ከፒም፣ ፒም ከሌላው እየተጋባ የዘር ሐረጋቸው እንደ ጥልፍ ተወሳሰበ። የጆን ግረብ እናት ከግረብ ቤት እንደ ሆነች፣ የመጀመሪያይቱም ሚስቱ ከዚያው ቤት ነበረች። ባለ ርስቱ ርስቱን በጋብቻ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ እነርሱም ንግዳቸውንና ሃይማኖታቸውን በጋብቻ ጠበቁ።

መዝገባቸውም የከበሩትን ብቻ አልጻፈም። ከስሮ ዕዳውን ያልከፈለ፣ በመጠጥ የተሸነፈ፣ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ያገባ ሰው ሲሰረዝ፣ ስሙና የተሰረዘበት ምክንያት በቃለ ጉባኤ ይሰፍር ነበር። ጭካኔ አለበት፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ተሰረዘ ተብሎ ይጻፋል እንጂ አልተወለደም አይባልም። ይህን ያነበብሁ ዕለት «ገበሬ ነበረ» ያልሁት ቃል ትዝ ብሎኝ መጽሐፉን ዘጋሁ።

በማግሥቱ ማታ ቀጠልሁ። በ1845 ሪቻርድሰኖች በአርማ አውራጃ፣ በኒውሪ ከተማ አጠገብ፣ ቤስብሩክ የተባለውን የተልባ እግር መሥሪያ ስፍራ ገዙ። ስሙ የመጣው ከአንዲት ኤልሳቤጥ ሲሆን፣ «ቤስ» የኤልሳቤጥ ቁልምጫ፣ «ብሩክ» ደግሞ ወንዝ ማለት ነው። ያ ዘመን የአየርላንድ ድንች የበሰበሰበትና ታላቁ ረኃብ የጀመረበት ነበር። ጆን ግረብ በትልቅ ከተማ ውስጥ ተጨናንቆ ለሚኖር የሠራተኛ ሕዝብ ኃላፊ መሆን ኅሊናው ስላልወደደለት፣ የወንዙን ኃይል በመጠቀም በገጠር ፋብሪካ አቆመ፤ በዙሪያውም ለሠራተኞቹ የድንጋይ ቤቶች፣ ትምህርት ቤትና ሱቆች አሠራ። መንደሩ ሦስት ነገር የሌለበት ተብሎ ታወቀ፤ መጠጥ ቤት፣ መያዣ ተቀብሎ የሚያበድር ቤትና ፖሊስ። የፊተኞቹ ሁለቱ ከሌሉ ሦስተኛው አያስፈልግም የሚል ዐሳብ ነበራቸው። በ1885 ከቤስብሩክ እስከ ኒውሪ በወንዝ ውሃ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ተዘረጋ፤ በዓለም ላይ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ቤተ ሰቡ በመርከብ ንግድም ገብቶ ነበር። በ1850 ከዊልያም ኢንማን ጋር ተሻርከው ስደተኞችን ከሊቨርፑል ወደ ፊላደልፊያ የሚያደርሱ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦችን አቆሙ። በ1854 ግን መርከቦቹ ወደ ክራይሚያ ጦርነት ወታደር እንዲጭኑ ሲከራዩ፣ ሪቻርድሰኖች «ይህ ከእምነታችን ጋር አይሄድም» በማለት ከሽርክናው ወጡ። በ1882 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ለጆን ግረብ ባሮኔት የሚባለውን፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደውን የክብር ማዕረግ ቢያቀርቡለት አልቀበልም አለ። በአያቶቹ ዘመን ኩዌከር በፓርላማ ለመቀመጥ መሐላው ያግደው ነበር፤ ጆሴፍ ፒዝ ያለ መሐላ ገብቶ የተቀመጠው በ1833 ነው። የጆን ግረብ ልጅ ጄምስ ኒኮልሰን ግን በ1880 የአርማ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። ሸማ ነጋዴነታቸውን ሳይደብቁ እዚህ ደረሱ።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሰዎች ጻድቃን አድርጌ እንዳቀርባቸው አትጠብቅ። ከጦር መርከብ ትርፍ የሸሹት ሪቻርድሰኖች፣ ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥጥ ሲጠፋና የተልባ እግር ሲፈለግ፣ ያገሩ ጨርቅ ሠሪዎች ሁሉ ባተረፉበት ገበያ ውስጥ ነበሩ። ሰው ከአንዱ ጦርነት ትርፍ ቢሸሽ፣ የሌላው ሳይጠራው በበሩ ይገባል። በአየርላንድ የተልባ እግር ፋብሪካዎች ሁሉ እንደ ነበረው፣ ክሩ የሚፈተለው በሙቅ ውሃ እየራሰ ስለ ሆነ፣ ሴቶቹ በእንፋሎትና በእርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግራቸውን ቆመው ይውሉ ነበር። የማበጠሪያው ክፍል ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ሕፃናትም ግማሹን ጊዜ በትምህርት ቤት፣ ግማሹን በፋብሪካ ያሳልፉ ነበር። የሪቻርድሰን ዘር በመካከለኛ ስም ሳይቀር ሲቈጠር፣ የእነዚያን ሴቶች ዘር የቈጠረላቸው ማነው? የፋብሪካው ባለቤት የዘር ሐረግ በመጽሐፍ ታተመ፤ የፈታይዋ ግን፣ ልጆችዋ ካልነገሩላት፣ ቀረ።

ፋብሪካው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን አቆመ። ከዚያ በኋላ በአየርላንድ ብጥብጥ ዘመን ሕንፃው የእንግሊዝ ጦር ሠፈር ሆነ፤ እስከ 2007 ድረስም ሄሊኮፕተር ሲወጣና ሲወርድበት ኖረ። ጦርነትን የሚጸየፍ ሰው የሠራው ቤት መጨረሻው ይህ ሆነ። ሰው የሚሠራው ቤት ለማን እንደሚተርፍ አያውቅም፤ የጻፈው እውነት ግን እንደ ጻፈው ይቆያል።

መጽሐፉን ለወዳጄ ከመለስሁ በኋላ፣ በአንድ እሑድ የአባቴን ታላቅ እኅት ልጠይቅ ሄድሁ። አክስቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ቡናው ሁለተኛ ከደረሰ በኋላ፣ «እቴቴ፣ የእናትዎ አባት ስማቸው ማን ነበር?» አልኋቸው።

«ደግሞ ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ።

«ልጄ ለትምህርት ቤት ትጽፈዋለች። ሙያቸውንም ጭምር።»

«ገበሬ ነበሩ በላት።»

የራሴን ቃል ከአክስቴ አፍ ስሰማ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። በእኛ ቤት ይህ ቃል እንደ ርስት ከትልቅ ወደ ትንሽ ይተላለፍ ኖሯል። ርስት ባለበት ጊዜ በሴትም በወንድም በኩል ቈጥረን አንጠግብም፤ ሸማኔ ባለበት በኩል ግን ቆጠራው ሳይነገር ያልፋል። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከገበያ ከለከለ፤ እኛ ግን በየቤታችን ደብቀን አሳደግነው።

አክስቴ ስኒውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። «እናቴ በሠርግዋ ቀን የለበሰችውን ኩታ የሸመኑላት እሳቸው ናቸው። ክረምቱን ሙሉ ነው የደከሙበት አሉ። የባልዋ ዘመዶች ጥለቱን እያገላበጡ አድንቀው፣ ‹ይህን ማን ሸመነው?› ቢሉ፣ ‹ከገበያ ተገዛ› ተባለ። እሳቸውም እዚያው ከድግሱ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስማቸውን ነገሩኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ወደ ቤቴ ስመለስ ያ ሁሉ ሰው የሚፈርምበት የኩዌከሮች የጋብቻ ወረቀት በዐይኔ ላይ ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት በዚያ ሠርግ ቢኖር ኖሮ፣ የእኚያ አባት ስም ከነሙያቸው ከልጃቸው ስም አጠገብ ይገኝ ነበር፤ «ከገበያ ተገዛ» የሚለው ቃልም ከድግሱ ጋር ባለፈ፣ ወደ እኔ ባልደረሰ ነበር። ሪቻርድሰኖች ከእኔ ቅድመ አያት የሚበልጡት በዘር አይደለም፤ ሙያቸው ከስማቸው ጋር ስለ ተጻፈላቸው ብቻ ነው። እንግዲህ በየቤታችን ዘር የምናስቈጥር ሁሉ፣ ለልጆቻችን የምናወርሰው የጎደለ ፋይል እንዳይሆን እናስብበት።

ማታ ልጄን ጠርቼ ያንን ደብተር እንድታመጣ ነገርኋት። መምህርዋ አርሞ ስለ መለሰላት፣ «አባዬ፣ ውጤቱ እኮ ተሰጥቶናል» አለችኝ። «ይሁን፤ አምጪው» አልኋት። «ገበሬ» የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ እንዲነበብ ሆኖ ቀረ። ከበላዩ የነገርኋትን ስም ጻፈች፤ ከስሙም ቀጥላ «ሸማኔ» ብላ ጻፈችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ምን ይሸምን ነበር?» አለችኝ።

ስለ ኩታው ነገርኋት።